እጄን አጣጥፌ ያሸነፍኩት ሰንጠረዥ

በደነባ ገበያ የሰንጠረዥ ወሬ ከተነሣ የሚጠራው የእኔ ስም ነው። ፈረስ ጓዱን ዘሎ ያልፋል ወይ? ፊል ለምን በሰያፍ ብቻ ይዘላል? መደቅ እየዳኸ መጨረሻው መሥመር ላይ ሲደርስ ምን ይሾማል? ንጉሥ በእጁ ይገድላል ወይስ ያስገድላል? ሰው ሁሉ የሚጠይቀው እኔን ነው፤ እኔም ጢሜን እየዳበስኩ እመልሳለሁ። የማላውቀውን ሲጠይቁኝ ዳበሳውን ጥቂት አረዝመዋለሁ፤ ጠያቂው ራሱ መልሱን ያገኝና አመስግኖኝ ይሄዳል።

ባለፈው ሰሞን ከአማቱ ጋር ሊገጥም ያለ ሙሽራ መጣ። «ጋሼ፣ ሰንጠረዥ ቶሎ ለመልመድ ምን ይሻላል?» አለኝ። «መሸነፍ» አልኩት። «እስከ መቼ?» «እስኪበቃህ።» ትልቅ ምስጢር የነገርኩት መስሎት ጉልበቴን ሊስም ምንም አልቀረው። እኔ ግን ምስጢር አልነገርኩትም። ስለዚህ ጨዋታ በእርግጥ የማውቀው ይህንኑ ነበር፤ እሱንም የተማርኩት በስሕተት አሸንፌ ከደረሰብኝ መከራ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በድንጋይ ነው። ጎበዜ የሚባል ጎረቤት አለኝ፤ ቤቱ ከቤታችን ጀርባ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። የወሰን ድንጋይ ግን ሲያይ እጁ አያርፍም። የወንዝ ዳሩ ማሳችን ከእሱ ማሳ ጋር ይዋሰናል፤ በየክረምቱ «ዝናቡ አንሸራተተው» እያለ ድንጋዩን ወደ እኛ ያስጠጋዋል። የሚገርመው ዝናቡ አንድም ክረምት ድንጋዩን ወደ እሱ አንሸራትቶት አያውቅም። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ሽማግሌ ተነሣ፤ ጭቃ ሹሙም ሰለቸውና «አንኮበር ሄዳችሁ ለፊታውራሪ ንገሩ» አለን። ጎበዜ ማሳው ውስጥ ገብቶ «አንተ ሂድና ንገር፣ እኔ እዚህ ሆኜ እሰማለሁ» አለኝ።

ያ ማሳ የእናቴ ርስት ነው። ጥቁር አፈር ነው፤ ከእሱ ሌላ ያለን መሬት ከእህል ይልቅ ድንጋይ ያበቅላል። ባለቤቴ አስካለ በሶ በአቁማዳ ሞልታ ስትሰጠኝ እንዲህ አለችኝ፦

«እርሻ ሳይገባ ተመለስ። ጎበዜ ዘንድሮ እዚያ ላይ ከዘራ፣ ለዓመቱ ለእነዚህ ልጆች የማቀርበው በሶ አይኖረኝም። ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰምቻለሁ ትላለህ፣ መንገድ ላይ ወሬ ካገኘህ ግን ትረሳለህ።»

ታውቀኛለች።

ደብረ ብርሃን አድሬ ጠዋት ስነሣ ጆሮዎቼ በቦታቸው መኖራቸውን በእጄ ዳስሼ ነው ያረጋገጥኩት። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ብርድ እየገፋኝ ሄድኩ። አንኮበር ስደርስ አገሩ ሁሉ በጉም ተሸፍኖ ሰው የሚታወቀው በሳሉ ነበር። ያን ጊዜ ንጉሡ ከነሠራዊታቸው ወደ እንጦጦ ወጥተው ከተማዪቱ ጭር ብላለች። ፊታውራሪ ግን ግምጃ ቤቱን ጠብቁ ተብለው ቀርተዋል። ስማቸውን አልጠራም፤ ልጆቻቸው ደኅና ናቸው፣ እኔም ደኅና መሆን እሻለሁ።

ደጅ ጥናት የማታውቁ ካላችሁ ታድላችኋል። ማለዳ ሄዶ በር ላይ መቆም ነው። ጌታ ሲወጡ እጅ መንሣት፣ ሲገቡ እጅ መንሣት፣ ሳይወጡ ከዋሉ ደግሞ ለበሩ እጅ መንሣት ነው። የፊታውራሪን በር እጅ እየነሣሁ ሰነበትኩ። በሩ አወቀኝ፤ ፊታውራሪ ግን አላወቁኝም።

አንድ ቀን ዶፍ እየወረደብን ከደጅ ጠኚዎቹ ጋር ተኮራምተን ቆመን ሳለ አጋፋሪው ብቅ አለ። አጋፋሪ ማለት በሩን የያዘ፣ ማን ይግባ ማን ይቁም የሚለውን የሚወስን ሰው ነው። ቁልቁል አየንና «ከእናንተ መካከል ሰንጠረዥ የሚያውቅ አለ? ጌታዬ የሚያጫውታቸው ሰው አጥተው ታመዋል» አለ። ከበስተኋላው የእሳት ሙቀት መጣ። የጥብስ ሽታም መጣ። እጄ ተነሣ። እኔ አላነሣሁትም፤ እሱ ራሱ ነው የተነሣው። እኔ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ በሕይወቴ ያየሁት አንድ ጊዜ በሩቅ፣ ያውም ከሰው ትከሻ በላይ ተንጠራርቼ ነው።

«እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ና» አለኝ አጋፋሪው። «የምታውቅ ካልሆንክ ግን አሁኑኑ ተናገር።»

«ደነባን ይጠይቁ!» አልኩት። ደነባ ስለማይናገር ደስ አለኝ።

የማድረው አንዲት እማሆይ ዘንድ ነበር። እማሆይ ሳይመነኩሱ በፊት በጌቶች ቤት ኖረው ሰንጠረዥን እንደ ዳዊት ያውቁታል የሚባሉ፣ ምላሳቸው ከመቋሚያቸው የሚፈጥን ሴት ናቸው።

«አውቃለሁ አልክ?» አሉኝ።

«አልኩ።»

«ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን አልክ?»

«ብርድ ነበር እማሆይ።»

ሣቁና አጎዛቸውን ገልብጠው በከሰል መሥመር አሰመሩበት። የተቆላ ባቄላ መደቅ ሆነ፤ መደቅ እግረኛ ወታደር ነው፣ ወደ ፊት አንድ አንድ እየተራመደ በሰያፍ ይገድላል። ጠጠር ፈረስ ሆነ። የጥንጁት ፍልጥ ደር ሆነ፤ ደር በቀጥታ መሥመር እየጋለበ ያገኘውን የሚያጠፋ ነው። የነጭ ሽንኩርት ፍንካች ፊል ሆነ። ሽንኩርቱን ስለጠረጠርኩት እስከ መጨረሻው ድረስ ፊልን በሁለት ጣት ነው ያነሣሁት። ንጉሡ የመቁጠሪያቸው ትርፍ ፍሬ ነበር፤ አጠገቡ የሚቆመው ፈርዝ ደግሞ የቀንድ ቁልፍ።

ማስተማራቸውስ ጥሩ ነበር። ክፉው ነገር እኔ ሳስብ የማኝክ ሰው መሆኔ ነው። ፈረሴን የት ልውሰደው እያልኩ ስጨነቅ ጎኔ ያሉትን መደቆች አንድ አንድ እያነሣሁ ቆረጠምኳቸው።

«አንተ!» አሉኝ እማሆይ። «የገዛ ሠራዊትህን በልተህ በምን ልትዋጋ ነው?»

እንደገና ባቄላ ቆሉ። እንደገና በላሁ። በመጨረሻ ምክራቸውን እንዲህ ቋጠሩልኝ፦ «ስማኝ ልጄ። በደር ወይም በፈረስ የንጉሥን መግቢያ ያሳጣ ሰው አሸነፈ አይባልም፤ በዱላ መታ ነው የሚባለው። በፊል ቢሆን ደግ ነው። በመደቅ ያሸነፈ ግን ስሙ ይወጣለታል። ይህ ግን አንተን አይመለከትህም። አንተ መሸነፍ ነው ያለብህ። ቶሎ ብትሸነፍ ያባርሩሃል፤ ብታሸንፍ ይቀየሙሃል። ቀስ ብለህ፣ እየተፍጨረጨርክ ተሸነፍና ነገርህን ንገራቸው።»

ወረራን ግን ሳይነግሩኝ ቀሩ። አልፈርድባቸውም። ሰው ለእንግዳ «እህል በአፍ ነው የሚገባው» ብሎ ይነግራል?

እሑድ ደረሰ። አዳራሹ ውስጥ ቀይ ጨርቅ ተነጥፎ፣ በጥቁር ጥብጣብ መሥመር ተሰፍቶበት፣ የዝሆን ጥርስና የቀንድ ሠራዊት ግራና ቀኝ ተሰልፏል። ፊታውራሪ አጭር፣ ግንባራቸው ላይ የጎራዴ ጠባሳ ያለባቸው ሽማግሌ ናቸው። ዙሪያውን አሽከሮቻቸውና አሮጌ ወታደሮቻቸው ተኮልኩለዋል። ነጩ የእሳቸው፣ ጥቁሩ የእኔ ሆነ። እጅ ነሥቼ ተቀመጥኩ።

«በል» አሉ፤ አሉና በሁለት እጃቸው ሠራዊታቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ። መደቅ ወደ ፊት፣ ፈረስ ወዲህ፣ ፊል ወዲያ፣ እንደገና መደቅ። እንደ ገብስ ዘሪ እጃቸው አያርፍም።

እንግዲህ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በሰንጠረዥ መጀመሪያው ወረራ ነው፤ የመጀመሪያው ሬሳ እስኪወድቅ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም እኩል ይንቀሳቀሳል፤ የፈጠነ ጥሩውን ቦታ ይይዛል። እኔ ግን ይህንን አላውቅም። ደግሞ ትልቅ ሰው እጁን ዘርግቶ ሳለ እጄን መዘርጋት ከእናቴ አልተማርኩም። ጌታው ሠራዊታቸውን እያስተካከሉ መሰለኝና እጄን አጣጥፌ፣ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ለምን አትነካም?»

«ጌታዬ ይጨርሱ ብዬ ነው።»

«እኔ እስክጨርስ?»

«አዎን ጌታዬ። እኔ ኋላ እደርሳለሁ።»

ከኋላዬ አንዱ አሮጌ ወታደር «እግዚኦ!» ሲል ሰማሁ። የፊታውራሪ ጠባሳ ቀላ። ያን ጊዜ ያደነቁት ትሕትናዬን መሰለኝና አንገቴን ይበልጥ ደፋሁ። ለካስ ከእሳቸው ጋር ሲጫወት ወረራውን በሙሉ ለቅቆ «ያሻዎትን ያሰልፉ፣ እኔ ከተቀመጥኩበት እበቃዎታለሁ» ያለ ሰው ከተፈጠሩ አላጋጠማቸውም።

«እሺ!» አሉ፤ ቁጣቸውን በእጃቸው አወጡት። ሠራዊታቸውን ሁሉ እየነዱ አምጥተው ደጄ ላይ አፈሰሱት። እኔ ዝም። እሳቸው ገፉ። እኔ ዝም። የሚገፉት እስኪያጡ ድረስ ገፉ። ቁጣ ደግሞ ሥርዓት አያውቅምና ደራቸው ከመደቆቼ አፍንጫ ሥር ቆሞ፣ ፈረሳቸው ብቻውን ገደል አፍ ላይ እንደ ቆመ ፍየል ሆኖ ቀረ።

ያን ጊዜ ከኋላዬ ሹክሹክታ መጣ። «በመደቅ ግደለው።» በሰንጠረዥ ተመልካች ዝም ይበል የሚል ሕግ የለም፤ እንዲያውም ዝም ያለ ተመልካች እንደ ሌባ ይጠረጠራል። ነገር ግን እዚያ አዳራሽ ያሉት ሰዎች ስንት ዘመን ለጌታቸው ሲሸነፉ የኖሩ ናቸው። እነሱ ራሳቸው ማሸነፍ አይችሉም፣ እንጀራቸው ነው። በእኔ እጅ ማሸነፍ ግን ይችላሉ። «ፊሉን!» አለ አንዱ። «ኧረ ፈረሱን!» አለ ሌላው። «ደሩን ተወው፣ እሱን ኋላ ታገኘዋለህ!» ጠጅ አሳላፊው ሳይቀር ብርሌውን ታቅፎ ቆሞ ይመክረኝ ጀመር። እምቢ ብላቸው አለማወቄ ይታወቃል። ያሉኝን አደረግኩ። የፊታውራሪ ሰዎች አንድ አንድ እያሉ ከጨርቁ ወረዱ።

እያሸነፍኩ መሆኔ ሲገባኝ የእማሆይ ምክር ታወሰኝ። ማሳዬ ታየኝ፤ ማሳው ውስጥ ጎበዜ ታየኝ። ምክሩን ሁሉ ትቼ ፈርዜን አንሥቼ በደራቸው ፊት አስቀመጥኩት፣ ይብሉት ብዬ። ፊታውራሪ እጃቸውን ዘረጉ፤ መለሱት፤ ጢማቸውን ነጩ። «አይ! ይሄ ሰው ያለ ነገር አይሰጥም። ወጥመድ ነው» አሉና ንጉሣቸውን ወደ ማዕዘን አሸሹ። ፈረሴን ሰጠኋቸው፤ ይባስ ሸሹ። ሞኝ ሰው አንድ ጊዜ ብልህ ከተባለ መከራው ይህ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሞኝነቱን የሚቀበለው አያገኝም።

ጨነቀኝ። ምንም የማይጎዳ ነገር ልንካ ብዬ ጠርዝ ላይ የተረሳች አንዲት መደቅ በጣቴ ጫፍ ወደ ፊት ገፋኋት።

ጠጅ አሳላፊው «በመደቅ» አለ፣ በለሆሳስ። የፊታውራሪ ንጉሥ መግቢያ አጥቷል።

በግንባሬ ተደፋሁ። ከተደፋሁበት ሆኜ ጭን ሲመታ ሰማሁ። ፊታውራሪ እየሣቁ ነው፤ እንባቸው እስኪወርድ ይሥቃሉ። «ወረራውን ሰጥቶኝ! በመደቅ! ኧረ ይህን ሰው አንሡት፣ ወንበር ስጡት! ከየት ነው የመጣኸው?»

«ከደነባ ጌታዬ። የመጣሁት በማሳ ጉዳይ…»

«ማሳው አይሸሽም። ብላ!»

በላሁ። ሐሰት ለምን እናገራለሁ፣ ደኅና አድርጌ በላሁ። በማግሥቱም ተጠራሁ፤ አዳራሹ በእጄ ተጫወተ፤ አሸነፍኩ። በሚቀጥለውም እንዲሁ። ማደሪያ ተሰጠኝ፣ ድርጎ ታዘዘልኝ። ነገሬን ሳነሣ «ምን አስቸኮለህ? ነገ እሰማሃለሁ» ይላሉ። ነገ ሲደርስ ጨርቁ ይነጠፋል። በመጨረሻ አጋፋሪውን ለብቻው አግኝቼ ለመንኩት።

«አንተ እኮ ሞኝ ነህ» አለኝ። «ነገርህ የተቆረጠ ዕለት አገርህ ትገባለህ። ከዚያ እሳቸውን ማን ያጫውታቸዋል? እኔ እሳቸውን ብሆን ለአንተ እስከ ዕለተ ምጽአት አልፈርድልህም።»

በዚያው ሰሞን አንድ የደነባ ነጋዴ የአስካለን መልእክት ይዞ መጣ። ሲያገኘኝ በአንድ እጄ የጠጅ ብርሌ፣ በሌላው የተጠበሰ ጎድን ይዣለሁ። ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ዝናቡ ጥሏል፣ ጎበዜ ጠምዶ የወንዝ ዳሩን ማሳ ጀምሯል፣ አንተ ምን እየሠራህ ነው ብላለች» አለኝ። ምን በላት ልበለው? ሰንጠረዥ እየተጫወተ ነው ይበላት? ጎድኑን አስቀመጥኩት። ነጋዴው ሲሄድ ከግንቡ ጥግ ሄጄ አለቀስኩ። ልጆቼ ታሰቡኝ፤ በሶ የጫነችልኝ ሚስቴ ታሰበችኝ። ሁለተኛ እጄን ከአንገቴ በላይ ላላነሣ ማልኩ።

እንግዲያስ መሸነፍ ነው ብዬ ቆረጥኩ። ጆሮዬን ደፈንኩ፤ «ፊሉን!» ሲሉኝ ንጉሡን፣ «ንጉሡን!» ሲሉኝ መደቁን ነካሁ። ፊታውራሪ መጀመሪያ ወጥመዱን ፈለጉ። አጡት። እጃቸውን ከጨርቁ ላይ አነሡና ዐይን ዐይኔን አዩኝ።

«አዝነህልኝ ነው?» አሉ።

«ኧረ ጌታዬ!»

«እነዚህ ሲሸነፉልኝ የኖሩ መሆኑን የማላውቅ ይመስልሃል?» በእጃቸው አዳራሹን አሳዩኝ። አሮጌዎቹ ወታደሮች መሬት መሬቱን አዩ። «ባልንጀሮቼ ሁሉ እንጦጦ ወጡ። እኔ እዚህ የዕቃ ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ። አንተን የወደድኩህ ስለማትራራልኝ ነበር። አሁን አንተም ጀመርክ።»

እንዲህ ሲሉ አንጀቴን በሉት። ብቆይ ልጆቼ ይራባሉ፤ ልሂድ ብል እኒህን ሽማግሌ ብቻቸውን ጥዬ ነው። በሁለቱ መካከል ተጨንቄ ሳለ፣ ምላሴ ያንን ቀን እጄ እንዳደረገው ሁሉ፣ ሳታማክረኝ ተነሣች።

«ጌታዬ፣ እኔማ በደነባ የመጨረሻው ነኝ። እኔን እያሸነፈ ያስመረረኝ ጎበዜ የሚባል ጎረቤት አለኝ። ለማንም አይራራም።»

አለመራራቱ እንኳ እውነት ነው፤ የወሰኑ ድንጋይ ምስክሬ ነው።

ፈረሰኛ ተላከ። ጎበዜ የክት ኩታውን ለብሶ፣ በፊታውራሪ በቅሎ ተቀምጦ፣ የተፈረደለት መስሎት ደረቱን ነፍቶ መጣ። በር ላይ ተገናኘን።

«ለምንድን ነው የጠሩኝ?» አለኝ።

«ሰንጠረዥ እንድትጫወት።»

«እኔ? ሰንጠረዥ?» ፊቱ ዐመድ መሰለ። ዘወር ብሎ በሩን አየ፤ አጋፋሪው ቆሞበታል። «ወንድሜ፣ በእናትህ፣ ምን ላድርግ?»

ወንድሜ ያለኝ ያን ዕለት ነው፤ ከዚያ በፊት እንኳንስ ወንድሜ፣ ጎረቤቴም ብሎኝ አያውቅም። አሳዘነኝ። የማውቀውን ጥበብ ሁሉ ሳልደብቅ ነገርኩት። «ሲጀምሩ እጅህን አጣጥፈህ ዝም በል። ከዚያ ከኋላህ የሚነግሩህን አድርግ።»

ተቀመጠ። ፊታውራሪ ሠራዊታቸውን ነዱ። ጎበዜ እጁን አጣጠፈ፤ ከፍርሃት የተነሣ ዐይኑንም ጨፈነ። ፊታውራሪ ቆም ብለው ወደ አሽከሮቻቸው ዞሩ። «ይሄም ወረራውን ሰጠኝ! ያውም ሳያይ! ኧረ ይህ ደነባ የሚሉት ምን ዓይነት አገር ነው?» ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። «ፊሉን!» «ኧረ ፈረሱን!» የሚጫወተው አዳራሹ ነው፤ የተቀመጠው ሰው እጁን ብቻ ነው የሚያበድረው። ጎበዜ አሸነፈ፣ ያውም በፊል። ፊታውራሪ ጭናቸውን መቱ። ጎድን መጣ፣ ጠጅ መጣ። ጎበዜ አንድ ብርሌ ጨልጦ፣ ሁለተኛውን ጨልጦ፣ የወሰን ድንጋይ የሚባል ነገር በዓለም መኖሩን ረሳ።

እጅ ነሥቼ ስንብት ጠየቅኩ።

«ነገርህስ?» አሉኝ ፊታውራሪ፣ ዐይናቸውን ከጨርቁ ሳያነሡ።

«ሌላ ጊዜ ጌታዬ፤ ባላጋራዬ ሥራ ይዟል።»

«መልካም። ሁለታችሁም ባላችሁበት ቀን እፈርዳለሁ። ይህን ግን አልለቅቀውም።»

እማሆይ ስሰናበታቸው ነገሩን ሰምተው ከንፈራቸውን መጠጡ። «ፈርዝህን ሰጥተህ ንጉሥህን አዳንክ» አሉኝ። ምርቃት ይሁን ወቀሳ አልገባኝም፤ ጉልበታቸውን ስሜ ቁልቁለቱን ወረድኩ።

አገሬ እስክገባ እግሬ መሬት አልነካም ብል ማጋነን ነው፤ መሬቱን እየነካ ጭቃውን ሁሉ ይዞት ገብቷል። የወንዝ ዳሩ ማሳ ጥቂት ትልም ወጥቶበት ቆሟል። ጎበዜ ሳይጨርሰው ነው የተወሰደው። የክረምቱ ደመና ደግሞ ተራራው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። አስካለ ታሪኩን ጨርሳ ሰማችና «ተፈረደልህ?» አለችኝ። «አልተፈረደልኝም፤ ግን አሸንፌያለሁ» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ሞፈሬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ በሬዬን ልፈታ ወደ በረት ገባሁ።

በሬዬን አልኩ እንጂ በሬዎቼን አላልኩም። ያለኝ አንድ በሬ ነው። ጎበዜም ያለው አንድ ነው። ከአባቶቻችን ጀምሮ መቀናጆ ነን፤ የእሱና የእኔ በሬ በአንድ ቀንበር ተጠምደው በየተራ ለሁለታችንም ያርሳሉ። እኛ በወሰን ስንካሰስ በሬዎቹ ግን አልተጣሉም ነበር፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ጎበዜ የወንዝ ዳሩን ማሳ ሲያርስ አንደኛው የእኔ በሬ ነበር። በደስታዬ ብዛት አንድ በሬ ብቻውን እንደማያርስ ዘነጋሁት።

የጎበዜ ሚስት በሬዋን በገመድ ይዛ ደጃፍዋ ላይ ቆማለች።

«ባሌን የት አደረግከው?» አለችኝ።

«አንኮበር ነው። ደኅና ነው። እንዲያውም ከእኛ ይሻላል።»

«መቼ ይመጣል?»

«ሲሸነፍ።»

«መቼ ይሸነፋል?»

«እዚያ ቤት መሸነፍ ከባድ ነው እቴ።»

ገመዱን አጥብቃ ያዘችው። «እንግዲያው ይህን በሬ ብቻህን አትወስደውም። የእኛም ማሳ ጦም ያድራል፣ የእኔም ልጆች አፍ አላቸው። ከወሰድከው መጀመሪያ ለእኔ፣ ከዚያ ለራስህ ታርሳለህ። ባሌን የወሰድክብኝ አንተ ነህ።»

ገመዱን የያዘችበትን እጅ አየሁት፤ አስካለ በሶውን ስትሰጠኝ አቁማዳውን እንዲሁ ነበር አጥብቃ የያዘችው። ሞፈሬን አወረድኩ።

የጎበዜን የላይኛውን ማሳ አረስኩ፤ የታችኛውን አረስኩ። ከዚያ የወንዝ ዳሩን፣ ወሰኑ የት እንደሆነ ሳልጠይቅ፣ ከዳር እስከ ዳር አረስኩት። ከእርሻው መካከል ያ ነጋዴ ከአንኮበር ተመልሶ በመንገድ ሲያልፍ ቆመ። ጎበዜ ሰላም ብሎሃል አለኝ። ወፍሯል፣ ካባ ተሸልሟል፣ «የላይኛውን ማሳዬን ድገምልኝ፣ እዚያ ላይ አረሙ ያስቸግራል» ብሎሃል አለኝ።

አስካለ ምሳ ይዛ መጥታ ነበርና ይህን ሰማች። እንጀራውን ከእርፉ አጠገብ አስቀመጠች። ጭቃ የለበሰ እግሬን፣ የተላጠ መዳፌን፣ ከዚያም የሁለት ቤት እርሻ የተሸከመውን ሜዳ ሁሉ ዞር ብላ አየችው።

«አንተ ሰውዬ» አለችኝ፤ «አሸንፈህ የሁለት ሰው ማሳ ካረስክ፣ ብትሸነፍ ኖሮ ደነባን በሙሉ ልታርስ ነበር?»

በሬዎቹ ላይ ጮኽኩባቸው።